ቀጋ፦ በአጥራችን ላይ ያለው ጽጌረዳ

በዚህ እትም ስለ አንድ ቁጥቋጦ ልጽፍ ነው። ቁጥቋጦው ለአብዛኞቻችን እንግዳ አይደለም። በልጅነታችን ፍሬውን ለቅመን በልተናል፣ እሾሁ ልብሳችንን ቀዶብን ከቤት ተቆጥተናል። እኔ ግን የምጽፈው ስለማውቀው አይደለም፤ አውቀዋለሁ እያልኩ እንደማላውቀው ስለገባኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሴሚስተር በእጽዋት ምደባ ኮርስ ላይ ፈተና ነበረን። አንዱ ጥያቄ የአበባ ከራንት ስለሚባለው ቁጥቋጦ የአበባ አሠራር እንድንገልጽና በአካባቢያችን ከሚገኝ አንድ ተክል ጋር እንድናነጻጽር የሚጠይቅ ነበር። ስለ ከራንቱ ከመጽሐፍ የሸመደድኩትን ዘረገፍኩት። ለማነጻጸሪያ ደግሞ ቀጋን መረጥኩና ሦስት ነገር ጻፍኩ፦ የቀጋ ኦቫሪ እንደ ከራንቱ ከአበባው ጽዋ ጋር ተጣብቆ ያድጋል፤ ፍሬው ቀይ ቤሪ ነው፤ እሾሁ ደግሞ የተለወጠ ቅርንጫፍ ነው። ወረቀቱ ሲመለስልኝ ሦስቱም ተሰርዘዋል። ከሥር በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ይላል፦ «ለመሆኑ ቀጋን አይተሽው ታውቂያለሽ?»

እኔ የየካ ልጅ ነኝ። ያደግሁበት የአያቴ ግቢ አጥሩ ቀጋ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከውጤቱ ይልቅ ጥያቄው ነው ያሳፈረኝ። በዓይኔ አይቼው የማላውቀውን የአሜሪካ ተክል በትክክል ጽፌ፣ በእጄ ስለቅመው ያደግሁትን ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ። ስለዚህ ምላጭ፣ የእጅ ሌንስና ማስታወሻ ደብተር ይዤ ወደ እንጦጦ ዳገት ወጣሁ። ያየሁትን እንሆ።

መጀመሪያ ስለ ከራንቱ

ለማነጻጸር እንዲመቸን ከራንቱን ባጭሩ ላስተዋውቅ። ሳይንሳዊ ስሙ ሪቤስ ሳንጉይኔዩም ነው። የትውልድ ቦታው የሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ሲሆን ከብሪቲሽ ኮሎምቢያ እስከ ካሊፎርኒያ ይበቅላል። እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ዴቪድ ዳግላስ የተባለ ስኮትላንዳዊ የእጽዋት ሰብሳቢ ወደ እንግሊዝ አገር እንዲገባ አድርጎት በአውሮፓ የአትክልት ቦታዎች ተስፋፋ። ግንዱ እሾህ የለውም። ቅጠሉ እንደ እጅ መዳፍ የተከፋፈለ ነው። ከሮዝ እስከ ቀይ የሚደርሰው አበባው በዘለላ ተንጠልጥሎ ይወርዳል። ፍሬው ነጭ አቧራ የተነሰነሰበት የሚመስል ጥቁር ሰማያዊ ቤሪ ነው። የሪቤስ ዝርያዎች ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በዱር አይበቅሉም። ስለዚህ እኛ በመጽሐፍ ካልሆነ በቀር አናገኛቸውም።

ከራንት በመማሪያ መጻሕፍት የሚጠቀሰው ኦቫሪው «የታች» ስለሆነ ነው። ዘር የሚይዘው የሴቴ ክፍል ማለትም ኦቫሪው ከአበባው ጽዋ ጋር አንድ ሆኖ ተጣብቋል፤ ሌሎቹ የአበባ ክፍሎች ከሱ በላይ ይወጣሉ። አበባው ሲረግፍ ጠውላጋ ትራፊው በፍሬው ጫፍ ላይ ይቀራል። ይህን ለማየት አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም። ዘይቱን ስትበሉ ጫፉ ላይ ያለችውን ደረቅ አክሊል አስተውሉ። የዘይቱን ኦቫሪም የታች ነው።

የኔ ስህተት እንግዲህ ቀጋም እንደዚህ ነው ማለቴ ነበር።

ወደ ዳገቱ

በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከክፍል ጓደኛዬ ጋር ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነስተን ሽቅብ ያዝን። የባሕር ዛፉ ደን ውስጥ እንደገባን ከሥሩ ያለው መሬት ባዶ ነው ማለት ይቻላል። የደረቀ ቅጠልና ቅርፊት ብቻ። ቀጋውን ያገኘነው ባሕር ዛፉ በሳሳበት የሸለቆ ጠርዝ ላይ ከአጋምና ከቀጨሞ ጋር ተጠላልፎ ነው። ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ አንዲት እናት ቆም ብለው ታዘቡንና «ልጆቼ፣ ምን ጠፍቷችሁ ነው?» አሉን። «ቀጋ ፈልገን ነው እማማ» ብንላቸው ሳቁ። «እኛ ስንሸሸው እናንተ ትፈልጉታላችሁ!» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ቀጋ በሳይንሳዊ ስሙ ሮዛ አቢሲኒካ ይባላል። ሮዛ ማለት ጽጌረዳ ነው። ስሙን ያወጣለት ሮበርት ብራውን የተባለው እውቅ የእጽዋት ተመራማሪ ሲሆን፣ ገለጻው እ.ኤ.አ. በ1820 ጆን ሊንድሊ ስለ ጽጌረዳዎች ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ወጣ። ሁልጊዜ አረንጓዴ የሆነ ቁጥቋጦ ነው። መሬት ለመሬት ይሳባል፣ ዛፍ ካገኘ ይንጠላጠላል፣ አንዳንዴም እስከ 7 ሜትር ድረስ ከፍ ይላል። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,900 እስከ 3,300 ሜትር ባለው ከፍታ ስለሚበቅል፣ ከየካ መንደሮች አንስቶ እስከ እንጦጦ አናት ያለው ዳገት በሙሉ ይስማማዋል።

እሾሁ እሾህ ነው ወይ?

በአማርኛ የሚወጋ ነገር ሁሉ እሾህ ነው። በእጽዋት ሳይንስ ግን እሾህ ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው የተለወጠ ቅርንጫፍ ነው፤ የአጋም እሾህ እንዲህ ነው። ውስጡ እንጨት አለው፣ ብትጎትቱት ከግንዱ አይላቀቅም። ሁለተኛው የተለወጠ ቅጠል ወይም የቅጠል ክፍል ነው፤ የቁልቋልና የብዙዎቹ ግራሮች እሾህ ከዚህ ይመደባል። ሦስተኛው ከግንዱ ቆዳ ብቻ የሚወጣ ነው። የቀጋና የእንጆሪ እሾህ ይሄኛው ነው።

እንዴት ይለያል? በጣም ቀላል ነው። የቀጋውን እሾህ በአውራ ጣታችሁ ወደ ጎን ገፋ አድርጉት። ቀጭ ብሎ ይነቀላል፣ በቦታውም ንጹሕ ጠባሳ ይተዋል። ሥሩ ሰፊ፣ ጫፉ ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው። በዚያው ሸለቆ አጠገቡ የነበረውን የአጋም እሾህ በተመሳሳይ መንገድ ብገፋው ንቅንቅ አላለም። ይልቁንም ጣቴን ወጋኝ። ፈተናው ላይ የሳትኩትን ጥያቄ ሁለት ቁጥቋጦ ጎን ለጎን በማየት በአንድ ደቂቃ ተማርኩት ማለት ነው። የቀጋው እሾህ መጎበጡም ለከንቱ አይደለም፤ ረዣዥም ቅርንጫፎቹ በሌላ ተክል ላይ ተጠምደው እንዲወጡ ያግዛቸዋል።

ቅጠሉ

የቀጋ ቅጠል ብዙውን ጊዜ በሰባት ንዑሳን ቅጠሎች የተሠራ አንድ ቅጠል ነው። ሦስት ጥንድ በግራና በቀኝ፣ አንድ ደግሞ ጫፉ ላይ። «ሰባት ቅጠል አለው» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው፤ እምቡጥ የሚወጣው በትልቁ ቅጠል ብብት ሥር እንጂ በንዑሳኑ ሥር አይደለም። ንዑሳኑ ጠንከር ያሉና የሚያብረቀርቁ ሲሆኑ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ የተሰነጣጠቀ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ምልክት ልጠቁማችሁ። የቅጠሉ አገዳ ከግንዱ በሚገናኝበት ቦታ ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ የተለጠፉ ሁለት ትንንሽ ቅጠል መሰል ነገሮች አሉ። ስቲፑል ይባላሉ። ብዙ ተክሎች ስቲፑል ቢኖራቸውም እንዲህ ከአገዳው ጋር ተጣብቆ ክንፍ መሥራቱ የጽጌረዳዎች መለያ ነው። አበባም ፍሬም በሌለበት ወቅት ቀጋን ያገኘ ተማሪ በዚህ ሊለየው ይችላል።

አበባው

ኅዳር ላይ በሄድንበት ቁጥቋጦ ላይ የመጨረሻዎቹን አበቦች፣ አረንጓዴ ፍሬዎችንና የቀሉትን አንድ ላይ አገኘን። አበቦቹ ነጭ ሆነው ወደ ክሬም ያደላሉ፣ ሽታቸውም ደስ ይላል። ከሦስት እስከ ሃያ ሆነው በአንድ ላይ ይሰባሰባሉ። እያንዳንዱ አበባ አምስት ፔታል ማለትም አምስት ነጭ የአበባ ቅጠል አለው። እምቡጡን ሸፍነው የነበሩት አምስት አረንጓዴ ሴፓሎች ረዥምና ፀጉራም ሲሆኑ ቶሎ ይረግፋሉ። በመካከሉ ብዙ ቢጫ የወንዴ ክፍሎች አሉ፤ ንቦቹ የሚሽቀዳደሙት ለነሱ ብናኝ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። አንዱን አበባ ከላይ ወደ ታች በምላጭ ለሁለት ከፈልኩት። ከፔታሎቹ በታች አንድ ትንሽ አረንጓዴ ጽዋ አለ። በሳይንሱ ሃይፓንቲየም ይባላል። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው፤ ልክ እንደ ትንሽ እንስራ። ከውጭ ላየው ሰው በርግጥም የታች ኦቫሪ ይመስላል፤ እኔም የተታለልኩት በዚህ ነው። ተከፍሎ ሲታይ ግን ውስጡ ክፍት ነው። በጽዋው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ብዙ ጥቃቅን ኦቫሪዎች እያንዳንዳቸው ለየብቻ ተቀምጠዋል። ከየአንዳንዱ አንድ ቀጭን ክር ማለትም ስታይል ተነስቶ በጠባቡ አፍ በኩል ይወጣል።

ማሰሮ ውስጥ እንደተቀመጡ እንቁላሎች ቁጠሩት። እንቁላሎቹ በማሰሮው ተከበዋል እንጂ ከማሰሮው ጋር አልተጣበቁም። ስለዚህ የቀጋ ኦቫሪ የታች አይደለም። የከራንቱ ግን ከማሰሮው ጋር አብሮ የተሠራ ያህል ነው። ሁለቱም ተክሎች ጽዋ አላቸው፤ ልዩነቱ ጽዋው ኦቫሪውን ከቦ መቆሙ ወይም ከሱ ጋር አንድ መሆኑ ነው።

ሌላም ነገር በሌንስ አየሁ። ከጽዋው አፍ የሚወጡት ስታይሎች አልተበታተኑም፤ እርስ በርስ ተያይዘው እንደ አንዲት ዓምድ ቀጥ ብለዋል። ከመቶ በላይ ከሆኑት የጽጌረዳ ዝርያዎች መካከል ይህ ጠባይ ያላቸው በአንድ ክፍል ይመደባሉ፤ ስማቸውም ሲንስታይሌ ነው፣ «ስታይላቸው የተጣመረ» እንደማለት። ቀጋ የዚህ ቤተሰብ አባል ነው።

ፍሬው ፍሬ ነው ወይ?

ፍሬው ሲበስል ብርቱካናማ ቀይ ይሆናል፤ ርዝመቱ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በልጅነታችን ለስላሳውን ሥጋ በልተን ውስጥ ያለውን ጠንካራ ዘር እንተፋዋለን። አያቴ ሁልጊዜ «ፀጉሩን አራግፉ፣ ጉሮሯችሁን ይበላችኋል» ትለን ነበር። እውነቷን ነው፤ በዘሮቹ መካከል ያለው ፀጉር ያሳክካል።

አሁን አበባው ሲከፈል ያየነውን እናስታውስ። ያ የምንበላው ቀይ ሥጋ ከየት መጣ? ከኦቫሪው አይደለም። ጽዋው ራሱ ነው ያበጠው። በእጽዋት ሳይንስ ፍሬ የሚባለው ደግሞ ከኦቫሪ የሚመጣው ነው። ታዲያ እውነተኛዎቹ ፍሬዎች የት ናቸው? እኛ «ዘር» ብለን የምንተፋቸው! እያንዳንዳቸው አኪን የሚባሉ ደረቅ ፍሬዎች ሲሆኑ፣ ዘሩ በጠንካራው ቅርፊት ውስጥ ነው ያለው። በአጭሩ፣ ቀጋ ስንበላ የኖርነው ማሰሮውን ነው፤ ፍሬውን ተፍተነዋል። የከራንቱ ግን ከኦቫሪ የመጣ ስለሆነ፣ እንደ ቲማቲም ሁሉ ቤሪ መባሉ ትክክል ነው።

የጽጌረዳዎች ቀይ ጽዋ በቫይታሚን ሲ የታወቀ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብርቱካንና ሎሚ ከውጭ ማስገባት ሲያዳግት፣ እንግሊዞች የአገራቸውን የዱር ጽጌረዳ ፍሬ በዘመቻ አስለቅመው ለሕፃናት ሽሮፕ ሠርተዋል። እኛ አገር ቀጋ እስካሁን የእረኛና የተማሪ ምግብ ነው።

ዘመዶቹ በዚያው ዳገት

ቀጋ የሚገኝበት የሮዛሴ ቤተሰብ በእንጦጦና በአካባቢው ደጋ ሌሎች አባላትም አሉት። ኮሶ ከነሱ አንዱ ነው። እንጆሪም ዘመዱ ነው። ጥቁር እንጨትም እንዲሁ። ከጓሮ ደግሞ ኮክና ፖምን ጨምሩ። ቤተሰቡ አንድ ሆኖ ሳለ ፍሬያቸው የተለያየ መሆኑ ለተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው። ኮክ አንድ ኦቫሪ ብቻ ስላለው በመሐሉ አንድ ድንጋይ የመሰለ ዘር ይይዛል። እንጆሪ ብዙ ኦቫሪ ስላለው ብዙ ጥቃቅን ኮኮች ተጣብቀው አንድ ፍሬ የሆኑ ይመስላል። ፖም ላይ ጽዋው ከኦቫሪው ጋር ተጣብቋል፤ ስለዚህ በቤተሰቡ ውስጥ እንደ ከራንት የታች ኦቫሪ ያለው ፖም ነው። እኔ ለፈተናው ከቀጋ ይልቅ ፖም ብዬ ብጽፍ ኖሮ ልክ እሆን ነበር ማለት ነው!

ስለ ስፍራውና ስለ ዕድሉ

የዱር ጽጌረዳዎች የሰሜኑ የዓለም ክፍል ተክሎች ናቸው። ከምድር ወገብ በስተደቡብ በተፈጥሮው የሚበቅል ጽጌረዳ የለም። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ያለውም የኛው ቀጋ ብቻ ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋዎች ሌላ በሶማሊያ፣ በሱዳን፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮም በየመንና በሳዑዲ ዓረቢያ ተራሮች ይገኛል።

ይህን ሳነብ አንድ ነገር ከነከነኝ። አገራችን ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በሆለታ፣ በሰበታ፣ በቢሾፍቱና በባቱ አካባቢ በተከፈቱት የአበባ እርሻዎች የታወቀች ሆናለች። ከእርሻዎቹ ዋና ምርት ጽጌረዳ ነው። ነገር ግን ለገበያ የሚላኩት ጽጌረዳዎች በውጭ አገር የተዳቀሉ ናቸው። የፔታላቸው ብዛትም አብዛኛው የወንዴው ክፍል ወደ ፔታልነት ስለተለወጠ ነው፤ አምስት ፔታል ብቻ ያለውን ቀጋን አጠገባቸው ብታደርጉት ይህ በግልጽ ይታያችኋል። የራሳችን ጽጌረዳ ግን ማገዶና አጥር ነው።

እንጦጦም ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1870ዎቹ ከተማቸውን በዚያ ሲያደርጉ የጽድና የወይራ ደን የነበረው አካባቢ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ተመናመነ። በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ መጥቶ የከተማዋን የእንጨት ችግር አቃለለ። ውለታውን መካድ አይቻልም። ይሁን እንጂ በባሕር ዛፍ ሥር ብዙ ነገር አይበቅልም፤ እንደ ቀጋ ያሉት የአገር ቁጥቋጦዎች ወደ ሸለቆ ጠርዝና ወደ ሰው አጥር ተገፍተዋል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ ዳገቱን ለብዙ የከተማ ሰው ክፍት አድርጎታል። 705 ሔክታር ስፋት ያለው የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ደግሞ የአገር በቀል ተክሎችን ሰብስቦ ያሳድጋል። እነዚህ ጥሩ ነገሮች ናቸው። የሰው አጥር ግን ማንም የሚጠብቀው አይደለም።

ይህን የምለው ከራሴ ቤት ነው። ከእንጦጦ እንደተመለስኩ ለናሙና የሚሆን ቅርንጫፍ ልቆርጥ ወደ አያቴ ግቢ ሄድኩ። ለካስ አጥሩ ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ቆርቆሮ ተለውጧል! በየሳምንቱ እየመጣሁ አላስተዋልኩትም። ቀጋው ተቆርጦ ለእንጀራ ምጣድ ነደደ። «እሾሁ ልጆቹን እየወጋ ምን ያደርግልናል?» አለችኝ አያቴ። መልስ አልነበረኝም፤ እኔም ከሚወጋው ልጆች አንዷ ነበርኩ። ከጓሮ ጥግ ግን አንድ ጉቶ ቀርቶ አዲስ ቀንበጥ አውጥቷል።

ከዚያ ጉቶ እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያላቸው አሥራ ሁለት ቁርጥራጮች ወስጄ በጥቁር ላስቲክ ተከልኩ። አራቱ ሥር አወጡ። ከእንጦጦ ያመጣኋቸውን «ዘሮች» ማለትም አኪኖች በሌላ ላስቲክ ብዘራቸውም እስካሁን አንድም አልበቀለም። የጽጌረዳ አኪን ቅርፊቱ ጠንካራ ነው፤ ዘሩም ለረዥም ጊዜ ተኝቶ መቆየት ልማዱ ነው። በዱር ወፎች ቀዩን ጽዋ በልተው ዘሩን በየቦታው ይጥሉታል፤ ከነዚያም ጥቂቱ ብቻ ይበቅላል። ስለዚህ ማባዛት ለሚፈልግ ሰው ቁርጥራጭ እንደሚሻል በትንሿ ሙከራዬ ገምቻለሁ። አያቴ ላስቲኮቹን ስታይ «ይሄ ሁሉ ለቀጋ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። ጠዋት ጠዋት ግን ውሃ የምታጠጣቸው እሷው ናት።

ማጠቃለያ

ለማጠቃለል ያህል፣ ቀጋ እሾሁ የግንድ ቆዳ፣ ቅጠሉ ባለሰባት ንዑስ ቅጠል፣ ኦቫሪዎቹ በጽዋ ውስጥ ነጻ ሆነው የተቀመጡ፣ ፍሬ የምንለውም ያበጠ ጽዋ የሆነ የዱር ጽጌረዳ ነው። ከከራንት ጋር ያለውን ልዩነት በአንድ ምላጭና በአንድ አበባ ማየት ይቻላል። ከመጽሐፍ ብቻ የተማርኩት ሦስት ስህተት አሠራኝ፤ ግማሽ ቀን ዳገት መውጣት አስተካከለልኝ።

ሁለት ሐሳብ አለኝ። አንደኛ፣ ለመምህራኖቻችን፦ ኮርሱ ላይ ከራንት መቅረቱ ጥሩ ነው፤ ግን ከጎኑ የቀጋ አበባ ጠረጴዛ ላይ ቢኖር ጥያቄውን የሚስት ተማሪ የሚኖር አይመስለኝም። ሁለተኛ፣ ለተማሪዎች፦ ሥር ካወጡት አራት ችግኞች ሁለቱን በሚመጣው ክረምት ከላቦራቶሪያችን ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ለመትከል ፈቃድ ጠይቄያለሁ። መቆፈሪያ ያለው ይዞ ይምጣ። ወፍራም ጓንትም እንዳትረሱ።

ቸር እንሰንብት።